እትዬ ማለት እህት ማለት ነው

መጀመሪያ ላይ ስሟ ነበረ። እትዬ እንትና እንላት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታናናሾቿ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠሯት፣ እኔም ከሰው አፍ ለቅሜ እንዲያው ጠራኋት። በኋላ ስሟ ወደቀ። የት እንደወደቀ እግዜር ይወቀው፤ ለንደን ውስጥ ከዊልስደን ሼፈርድስ ቡሽ ስመላለስ አንዱ ባስ ውስጥ ጥዬው ወርጄ ይሆናል። «እትዬ» ብቻ ቀረ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። እትዬ ከነስሟ ስትጠራ ታላቅ እህት ናት። እትዬ ብቻ ስትባል ግን ጓዳ በር ላይ ቆማ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች «አቤት እትዬ» የምትል ሌላ ሴት አለች ማለት ነው። ያቺ ሌላዋ ሴት እኔ ነኝ።

«አቤት»ም እንደዚያው ነው። አገራችን ሰው ሲጠራሽ የምትመልሺው ቃል ማን እንደሆንሽ ይናገርብሻል። እኩያሽ ሲጠራሽ «ወዬ» ትያለሽ፤ ታላቅሽ ወይም ጌታሽ ሲጠራሽ «አቤት»። እኔ ለንደን ከገባሁ ወዲህ ያልኩትን ያህል አቤት ፍርድ ቤት ሄጄ ብል ኖሮ እስካሁን ተፈርዶልኝ ነበር።

ያገኘኋት አዲስ አበባ ነው፣ የወንድሟ ልጅ ሰርግ ላይ። እኔ ያን ጊዜ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበርኩ፣ ሙሽራዋ የሥራ ባልደረባዬ። ከለንደን የመጣችውን አክስት ድፍን ሰርገኛ ከቧታል። ከአገር የወጣችው በደርግ ጊዜ ስለሆነ አማርኛዋም እዚያው ዘመን ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ሚኒባሱን «ውይይት» ስትለው ወጣቱ ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ደስ የምትል ሴት ናት፣ መቼም ሐሰት አልናገርም። እጄን ይዛ «ለንደን ሽማግሌ የሚጦር ድርጅት አለኝ፤ እንዳንቺ ያለች ልጅ ነው የምፈልገው። ስፖንሰር ላድርግሽ?» አለችኝ። እርስዎ ብላት ተቆጣች። «አታስረጂኝ! አንቺ በይኝ። እህትሽ ነኝ።» ክትፎውን ትቼ ቃሏን ዋጥኩት።

አንቺ ያልኳት ለንደን እስክገባ ድረስ ነው። አንድ ቀን ቢሮዋ ቆሜ ፈቃድ ስጠይቅ አፌ ራሱ «እርስዎ» አለ። ማንም አላዘዘኝም። እሷም አላረመችኝም፤ ቀና እንኳ አላለችም። እዚህ ስጽፍ «እሷ» የምላት ወረቀቱ የራሴ ስለሆነ ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቪዛዬ የተሰጠኝ እሷ ድርጅት ውስጥ እንድሠራ ነው። ከእሷ ከወጣሁ፣ ሌላ ስፖንሰር የሚያደርግ ቀጣሪ ካላገኘሁ፣ ቪዛው ይሞታል። ባሌ ደግሞ የመጣው በእኔ ቪዛ ተንጠልጥሎ ነው፤ እኔ ከወደቅኩ አብሮኝ ይወድቃል። አምስት ዓመት ከቻልኩ የመኖሪያ ፈቃድ አፕላይ አደርጋለሁ፣ ያኔ የራሴ ሰው እሆናለሁ። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ ደሞዙን የማያማርር ሰው አይቼ አላውቅም። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

የምሠራው ዊልስደን ነው፣ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ቤት። እዚያው አድራለሁ። ክፍሌ ልብስ መተኮሻው የሚቀመጥባት ጠባቧ ክፍል ናት፤ አልጋው ላይ ሆኜ እጄን ስዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ። ባሌ ለንደን ሌላ ጫፍ፣ ሰቨን ሲስተርስ የሚባል ሰፈር፣ ከአንድ የአገር ልጅ ጋር ክፍል ተጋርቶ ይኖራል፣ ሥራው ቢሮ ማጽዳት ነው። የምንገናኘው እሁድ እሁድ ነው። የክፍል ጓደኛው ቅዳሴ ሲሄድ እኛ «ዛሬስ አሞናል» እንላለን። እግዜር ይቅር ይበለን፣ ቅዳሴው ረጅም ነው።

ሰው «ተዘጋብኝ» ሲል በር የተቆለፈበት ይመስለኝ ነበር። የእኔ በር አይቆለፍም። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ የባስ ካርዴም አብሮት አለ። ሰውዬው ሲያንቀላፉ የውጭውን በር ከፍቼ እቆማለሁ። መንገዱ ቁልቁል እስከ ገበያው ድረስ ይታያል፤ ሰው ፌስታሉን አንጠልጥሎ ይወርዳል፣ ይወጣል። አንድ እግሬን ደፉ ላይ አድርጌ «እስቲ ሂጂ» እላለሁ ለራሴ። ወዴት? ተመልሼ ገብቼ ሾርባ አሞቃለሁ። ቢቆለፍብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምጠላው በር ይኖረኝ ነበር።

ሰውዬውን አባባ ነው የምላቸው። ትርጉሙን ነግሬያቸው ወደዱት። የታሪክ አስተማሪ ነበሩ፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ የሰው ጥላ ብቻ ነው የሚያዩት። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ እሷም አውስትራሊያ ናት፣ በየሳምንቱ ትደውላለች። ለንደን ውስጥ ጧሪ በስልክ ነው የሚታዘዘው፤ ይኸው ታዝዤ መጣሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሻይ ሳቀርብ ሁልጊዜ ያመሰግናሉ፣ ስኳሩን ረስቼው እንኳ።

ከምሳ በኋላ አነብላቸዋለሁ። መስማት የሚፈልጉት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። አሜሪካ ነጻ ሳትወጣ፣ ገና የእንግሊዝ ሳለች፣ ከዚሁ ከለንደን ወንዝ በመርከብ ስለተጫኑ አገልጋዮች። ከቤተሰባቸው እንዲህ ሄዳ የቀረች አንዲት ልጅ እንዳለች ከልጅነታቸው ሲሰሙ ነው ያደጉት፤ ከየት እንደሰሙት ግን ራሳቸውም አያውቁም። «ባሪያ አልነበሩም» ይሉኛል ደጋግመው፣ «ባሪያዎቹ ሌላ ናቸው፣ የእነሱ መከራ መጨረሻ የለውም። እነዚህ ግን ፈርመው ነው የሄዱት።» የመርከቡን ዋጋ የቻለላቸው ሰው ዘንድ አራት ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ ሰባት ዓመት ሊያገለግሉ ይፈርማሉ። ዘመናቸው ሲያልቅ ነጻ ናቸው። እስከዚያው ግን ጌታው የቀረውን ዘመናቸውን ለሌላ ጌታ መሸጥ ይችላል። ያለ ጌታው ፈቃድ ማግባት የለም። ቢጠፉ መልካቸው ተዘርዝሮ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ሲያዙ ዘመን ይጨመርባቸዋል።

እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዝናሉ። «ምስኪን ልጅ» ይላሉ። «አስቢው እስቲ፣ አገሩን አታውቅ፣ ሰው አታውቅ፣ መሄጃ የላት።» እኔም «አዬ፣ ያሳዝናል» እላለሁ። ምን ልበል? አንድ ቀን ብቻ ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳል አስመሰልኩት።

ነፍሰ ጡር መሆኔን ያወቅኩት በዚያው ሰሞን ነው። ለባሌ እሁድ ዕለት ነገርኩት። ሰውዬው አበደ! አልጋው ላይ ቆሞ ጨፈረ፣ ጭንቅላቱን ጣሪያው መታው፣ ያንን እያሸ ይስቃል። እኔ እንደተቀመጥኩ ነኝ።

«ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ደስ ብሎኛል» አልኩት፤ እውነቴን ነው፣ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር በርቶ ነበር። «ግን ለእትዬ ምን ብዬ ልንገራት?»

ባሌ ከአልጋው ወረደ። ከዚያ በኋላ አልጨፈረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ የለኝም። ልጄ የምትወለደው፣ ወይም የሚወለደው፣ እኔ ምን ሆኜ ሳለሁ ነው? ብታባርረኝስ? ሆዷ የገፋ ሴት ማን ስፖንሰር ያደርጋል? ሌላ ቀጣሪ ስፈልግ ቆይቼ ነበር፤ ግማሹ አይመልስም፣ ግማሹ «እንደውልልሻለን» ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ደበቅኩት። የባሌን ሰፊ ሹራብ ለበስኩ። አባባ አያዩ፣ ባሌ አይናገር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፣ እኔና ሆዴ ብቻ እንተዋወቃለን።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ሴቶቹ አገልጋዮች የሚለው ምዕራፍ ላይ ደረስን። እያነበብኩ ነው። አንዲት አገልጋይ ውሏን ሳትፈጽም ብትወልድ፣ ለወለደችበትና ለተኛችበት ጊዜ ማካካሻ ዘመን ይጨመርባታል፤ ጌታዋ ከሥራዋ ያጣውን በዚያ ትክሰዋለች፣ ይላል። ቆምኩ። ፊደሉ ተደባለቀብኝ።

«ለምን አቆምሽ?» አሉ አባባ።

«ጉሮሮዬ ደረቀ።»

«ውሃ ጠጪ እንጂ። ይገርማል አይደል? ለመውለዷ ዘመን ሲጨመርባት!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አረመኔ ዘመን ነበር።»

ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ውሃውን አልጠጣሁትም።

በማግስቱ መሰለኝ እትዬ ደወለች፤ የሺፍት ለውጥ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ አቤት እትዬ፣ እሺ እትዬ፣ ኧረ ችግር የለም እትዬ እላለሁ። ስዘጋው አባባ ፈገግ ብለዋል። ቃላት መልቀም ይወዳሉ፤ ዳቦ፣ ውሃ፣ ደህና ዋልሽ የሚለውን ከእኔ ተምረዋል።

«ያ የምትደጋግሚው ቃል ምንድን ነው? ኢቲዬ፣ ኢቲዬ የምትይው?»

«እህት ማለት ነው» አልኳቸው። «ታላቅ እህት።»

«አለቃሽ እህትሽ ናት?»

«እንደ እህት ናት።»

«እንዴት ደስ ይላል!» አሉ ከልባቸው። «እኛ እንዲህ ያለ ነገር የለንም።»

ወደ መጽሐፉ ተመለስን። ጥቂት እንዳነበብኩ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ይህንንስ በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ? የቤቱን ጌታ?»

«ጌታ» አልኩ። «ጌታዬ።»

«እመቤቲቱንስ? አገልጋይቱ እመቤቷን ስትጠራ ምን ብላ ነው የምትጠራት?»

አፌን ከፈትኩ። ሌላ ቃል ፈለግኩ፣ ማርያምን። እመቤቴ ማለት እችል ነበር፤ ግን እመቤቴ የሚል ማን አለ፣ ለእመቤታችን ካልሆነ በቀር? እኔ ያደግኩበት ሰፈር፣ የእናቴ ጓደኛ ቤት፣ ጎረቤት ቤት፣ ሠራተኛዋ ከጓዳ ስትወጣ ምን እያለች ነበር የምትወጣው?

«እትዬ» አልኩ።

«እሱ እኮ እህት ነው አልሽኝ።»

«ሁለቱንም ነው።»

አባባ ሳቁ፣ ጨዋታ መስሏቸው። «ታዲያ የትኛውን ማለቷ እንደሆነ ሰው በምን ያውቃል?»

«ሰዉ ያውቃል» አልኳቸው።

እሳቸው ሻይ ጠየቁኝ። ሻይ አፈላሁ። ግማሹን ሳህኑ ላይ ደፋሁት፤ እሳቸው አላዩም። በራሴ ላይ ነበር የተናደድኩት። አንድ ዓመት ከምናምን ሙሉ በገዛ አፌ ስናገረው የኖርኩትን አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ሲጠይቀኝ ነው የሰማሁት። ወይ እኔ! ሰው እንዴት የራሱን አፍ አይሰማም?

ሆዴ ሹራቡን አሸነፈው። ከእንግዲህ መደበቅ የለም ብዬ አንድ ረቡዕ ሼፈርድስ ቡሽ ሄድኩ። ቢሮዋ የሰፈሩ ገበያ አጠገብ ነው፣ በርበሬና ሻንጣ ከሚሸጥ ሱቅ በላይ፤ ደረጃው ጠባብ ነው፣ ስወጣ በበርበሬው አስነጠሰኝ። የምለውን ባሱ ውስጥ አጥንቼዋለሁ። ሕግ አለ፣ ነፍሰ ጡር አይባረርም፣ እረፍት መብቴ ነው። ሆስፒታል የምትከታተለኝ አዋላጅም ይህንኑ ነግራኛለች። ልጅቷ ደግ ናት፤ «ቤትሽ፣ ሥራሽ ጋ ሰላም ነሽ? የሚያስፈራሽ ሰው አለ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ሰላም ነኝ አልኳት። ምን ልበላት? የምታስፈራኝ ሴት ቤተ ክርስቲያን ባገኘችኝ ቁጥር ጉንጬን ትስመኛለች ልበላት?

እትዬ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። ሆዴን አየች። እኔ ገና «እትዬ ይቅርታ...» ስል ብድግ ብላ እልል አለች! ሱቁ ድረስ የሚሰማ እልልታ። አቅፋ ሳመችኝ፣ ወንበር አቀረበችልኝ። «በሽልም ያውጣሽ! ማርያም ትቅረብሽ! አንቺ ተንኮለኛ፣ ከእኔ ትደብቂያለሽ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሷ አልወለደችም። በስደት ስትንከራተት ዕድሜዋ አለፈ፤ ይህንን ሁሉም ያውቃል፣ እሷ ግን አታወራውም። እጇን ሆዴ ላይ አደረገች። እኔም አለቀስኩ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። እንዲህ ያለች ሴት ነው እንዴ የፈራሁት ብዬ ራሴን ታዘብኩ።

ከዚያ ተቀመጠችና አፍንጫዋን ጠረገች።

«አታስቢ፣ ቦታሽን ለማንም አልሰጥም። እረፊ፣ ውለጂ፣ ታረሺ። ብቻ እህቴ፣ እኔም ብቻዬን ነኝ፣ ታውቂያለሽ። የምታርፊውን ኋላ ትጨምሪልኛለሽ። አምስቱ ዓመት ሞላ ብለሽ በነጋታው ጥለሽኝ እንዳትሄጂ። ሁለት ዓመት ታግዢኛለሽ፣ እ? ይህ በእኛ መካከል ነው፣ ወረቀት ምን ያደርግልናል? ሴት ከሆነች ደግሞ ክርስትናዋን የማነሳው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳትናገሪ!»

«እሺ እትዬ» አልኩ።

ደረጃውን ወርጄ፣ በርበሬው እንደገና አስነጥሶኝ፣ ባስ ላይ ወጥቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የገባኝ። ያንን መጽሐፍ እሷ አላነበበችውም። ስለ አሜሪካ አገልጋዮች ማንም አልነገራትም። ከየት አመጣችው? አባባ «አረመኔ ዘመን» ያሉትን ነገር፣ ያንኑ ቃል በቃል፣ በእልልታና በእንባ አድርጋ አመጣችልኝ፤ እኔም ተመርቄበት እሺ ብዬ ወጣሁ። ብትሰድበኝ እኮ መልስ ነበረኝ። ለመረቀችኝ ሴት ምን ብዬ ነው መልስ የምሰጠው?

እሁድ ለባሌ ነገርኩት። «ደግ ሴት ናት» አለኝ። «ሌላ ብትሆን ኖሮ ታባርርሽ ነበር።»

«ሁለት ዓመት እኮ ነው የጨመረችብኝ!»

«እንደ ውለታ ነዋ። እህቴ ብላሽ።»

«አልሸሹም ዞር አሉ!» ብዬ ጮህኩበት። የክፍል ጓደኛው ከቅዳሴ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል፣ ነጠላውን እንደለበሰ። ባሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሷን ካስቀየምናት የት እንገባለን?» አለኝ። እሱም ፈርቷል። ከፈራ ሰው ጋር ምን ይጣሉታል? እሱም ብርድ ልብሱን እግሬ ላይ አደረገልኝ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ዓይኔን በዓይኔ አየሁ። ሆስፒታል ድረስ ገንፎ ይዛ የመጣችው ማን ናት? እትዬ። ቂቤውን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ ሽታው ዋርዱን ሞላው፣ ነርሷ መስኮት ከፈተች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለች አጎረሰችኝ። በሰማንያ ቀኗ ልጄን ታቅፋ ክርስትና አነሳች፤ ነጭ ለብሳ፣ በወርቅ ሐብል ላይ ትንሽ መስቀል አድርጋላት። ከዚያ ወዲያ አበልጅ ሆንን። አበልጅ ማለት በእግዚአብሔር ፊት የታሰረ ዝምድና ነው፣ ሰው አይፈታውም። ካህኑ ሲባርኩን ባሌ ደስ ብሎት ክንዴን ነካ አደረገኝ። እኔ ሌላ ቋጠሮ ሲጠብቅ ነው የተሰማኝ። ስለ ቋጠሮው ለማን ይነገራል? ሰዉ ሁሉ «እንዴት ያለች እህት ሰጠሽ!» ይለኛል።

ሥራ ስመለስ ቀን ቀን ብቻ ሆነልኝ፤ ማታ አባባ ዘንድ ሌላ ሰው ያድራል። እኔም ሰቨን ሲስተርስ ገባሁ፣ የክፍል ጓደኛው ሌላ ቦታ አግኝቶ ለቀቀልን። ባሌ ሌሊት እየሠራ ቀን ይተኛል። ልጅቷን ማን ይያዝ? እትዬ እቤቷ፣ እዚያው ሼፈርድስ ቡሽ፣ የእህቴ ልጅ የምትላት አንዲት ዘመድ አለች፤ «አምጪያት፣ ከእኛ ጋ ትዋል» አለች። እምቢ የሚባልበት ምክንያት አጣሁ። ጠዋት ጠዋት በጨለማ ልጄን አዝዬ ለንደንን ከጫፍ ጫፍ እሻገራለሁ። እዚያ እጥላታለሁ፣ ዊልስደን እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። አባባ አሁንም ያንኑ መጽሐፍ ነው የሚያስነብቡኝ። ያንን ምዕራፍ ሲደርስ ሁለት ገጽ አንድ ላይ እገልጠዋለሁ፤ እሳቸው አያስተውሉም።

ማታ በሩን ሳንኳኳ የምንባባለው ሁልጊዜ አንድ ነው። እሷ ከሳሎን በስሜ ትጠራኛለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ «አቤት እትዬ» እላለሁ። ነገ ቀደም ብለሽ ነይ፤ እሺ እትዬ። ቅዳሜ አንዷ ታማለች ትሸፍኛታለሽ፤ እሺ እትዬ። ልጄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ታያለች። ልጅ ያያል ብዬ አላሰብኩም። ሰው ልጁ የምትሰማው ተረት ሲነግራት ብቻ ይመስለዋል።

ልጄ አፏን ፈታች። «ማማ» አለች፣ «ባባ» አለች፣ «ውሻ» የምትለው ነገር ነበራት፣ ለድመትም ለባስም የሚሆን። እትዬ ብስኩት ይዛ «እኔስ? እኔን ማን ትይኛለሽ? እማዬ በይኝ እስቲ፣ የክርስትና እናትሽ አይደለሁ?» እያለች ታባብላታለች። ልጅቷ ብስኩቱን ወስዳ ዝም።

አንድ ማታ ዝናብ ደብድቦኝ ደረስኩ። ዘመዲቱ ወጥታለች፤ ቤቱ ውስጥ እትዬና ልጄ ብቻ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ እትዬ እንደ ልማዷ ከሳሎን ስሜን ጠራች።

እኔ አፌን ሳልከፍት አንዲት ቀጭን ድምፅ ቀደመችኝ።

«አቤት ኢትዬ!»

ልጄ ናት። ምንጣፉ ላይ፣ ብስኩቷን እንደያዘች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ። እኔ እንደማደርገው። አንገቴን እንደምሰብር እንኳ እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር።

እትዬ በሳቅ ፈረሰች። «ሰማሻት? አፈር ስሆን፣ ሰማሻት? ድገሚ የኔ ቆንጆ! ድገሚው!» እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ጉልበቷን መታች። ልጄ ሳቋን አይታ ደስ አላት፤ ደገመችው። «አቤት ኢትዬ።»

ጫማዬን አንድ እግር እንዳወለቅኩ ገባሁ። ልጄን ከምንጣፉ አነሳኋት። ንዴቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከእግሬ ጥፍር ይመስለኛል። ዕዳው የእኔ ነው፣ ፈርሜያለሁ፣ እሺ ብያለሁ። እሷ ምን ፈረመች?

«እትዬ አይደለችም» አልኳት ለልጄ፣ ጮክ ብዬ፣ ፊቷን ወደ ሴትዮዋ አዙሬ። ስሟን ጠራሁት። እትዬ ሳልል፣ አበልጄ ሳልል፣ ምንም ሳልቀጥልበት፣ እናቷ ያወጣችላትን ስም ብቻ። «እንደዚህ ነው የምትባለው። በዪያት።»

ሳቁ ቆመ።

«ምን አልሽኝ?» አለች።

«ስምሽን ነው የጠራሁት።» አንቺ አልኳት። አንዱ እግሬ እርጥብ ካልሲ ብቻ ነው። «አታስረጂኝ ብለሽኝ አልነበር?»

ፊቷ ላይ ምን እንደመጣ ለመናገር ይከብደኛል። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ልጄ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች፤ ከዚያ ከንፈሯን አሹላ ስሙን ሞከረችው። ግማሹን ብቻ፣ የምትችለውን። ግን ስም ነበር፣ ግልጽ ያለ።

«ወዬ» አለች ሴትዮዋ።

አስባ አይደለም። ድምፁ የእሷ አይመስልም፤ ከስንት ዘመን በፊት፣ የሆነ ግቢ ውስጥ፣ እናቷ የጠራቻት ልጅ ድምፅ ነው። ራሷም ደነገጠች። ለንደን ውስጥ በባዶ ስሟ የሚጠራት ሰው እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። አንጀቴ በላት፤ ግን ልጄን አላወረድኩም።

«የአምስት ዓመቴን ቀሪ እሠራለሁ» አልኳት። «ነገም በሰዓቴ ዊልስደን እገባለሁ። ጭማሪውን ግን አልሠራም። ልጄም ከነገ ጀምሮ ከአባቷ ጋ ትውላለች፤ እንቅልፉን እንካፈላለን።»

የብስኩቱን ፍርፋሪ ከምንጣፉ ላይ አንድ አንድ እያለች ታነሳ ጀመር። ጫማዬን መልሼ አጠለቅኩ፣ ልጄን በነጠላዬ አዘልኳት፣ ወጣሁ።

ምን እንደምታደርገኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቪዛዬ አሁንም በእጇ ነው፤ ዓመቴም ገና አላለቀም። በየጠዋቱ ከሁሉ በፊት ስልኬን ቼክ አደርጋለሁ። ባሌ ለሳምንት አላናገረኝም፣ ዓይኑ ቀልቶ ልጁን ሲያጫውት ይውላል። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሴትዮዋ ጉንጬን ትስመኛለች፣ እኔም እስማታለሁ፤ ሁለታችንም ስለዚያ ማታ አንናገርም።

በዚያ ማታ ግን ባሱ ሞልቶ ነበር፣ ሰዉ ሁሉ ከሥራ የሚመለስ፣ ዝናብ የመታው። ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና ያንን ስም ትጠራለች፤ ግማሹን፣ ደጋግማ፣ ጮክ ብላ፣ ወዬ የሚላት እንዳለ ሁሉ እየጠበቀች። አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ። እስከ ቤታችን ድረስ ስትጠራ አላስቆምኳትም።